የሳጥኑ ልክ

ፌብሩዋሪ 3፣ ሰኞ

ጠዋት 150/90። ማታ 145/90።

ሐኪሟ "ደም ግፊትዎን በየቀኑ እየለኩ ይጻፉ፣ ከዚያ እንነጋገራለን" ስላለችኝ ይህን ደብተር ገዛሁ። ቁጥር ብቻውን መጻፍ ግን አይሆንልኝም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼን "ከቁጥሩ ጎን ምክንያቱን ጻፉ" እያልኩ ስጨቀጭቅ ኖሬ፣ ለራሴ ሲሆን ልተወው?

ምክንያቱ ይኸው። ዛሬ የተማሪዬን የአልሱን የዶክትሬት ጥናት ማጠቃለያ በፖስታ ላክን። ሰማንያ ፖስታ ነው። እሷ ቴምብር እየላሰች ትለጥፋለች፣ እኔ አድራሻ እጽፋለሁ፤ ስንጨርስ ምላሷ ደርቆ ውሃ መጠየቅ እንኳ አቃታት። ከዛሬ በኋላ በጥናቱ ላይ ነጠላ ሰረዝ መቀየር አይቻልም፤ ደንባችን ነው። ጥናቷን በአደባባይ የምትከላከልበት ዲፌንሷ ኤፕሪል 17 ነው። አሥራ ዘጠኝ ሰው ያለበት ጉባኤ ይቀመጣል፣ የተሾሙ ሁለት ተቃዋሚዎች ይሞግቷታል፣ በመጨረሻም በምስጢር ድምፅ ይሰጣል።

አልሱ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ከዚህ በአውቶቡስ ስድስት ሰዓት ከሚያስኬድ የታታሮች መንደር መጥታ እኔ ዘንድ አምስት ዓመት ሆናት። ስትራመድ ኮቴዋ አይሰማም፣ ስትናገርም እንደዚያው። እስከ ዛሬ ካስተማርኳቸው ሁሉ የተሻለችው እሷ ሳትሆን አትቀርም። ነግሬያት ግን አላውቅም፤ ሰው ሲያሞግሱት ይሰንፋል።

ፌብሩዋሪ 6

145/90።

የስሌት ማሽኖቹን የሚጠብቀው ሮዲዮን ኮሪደር ላይ ያዘኝ።

"ሪማ ፕላቶኖቭና፣ ያቺ ዝምተኛ ልጅዎ ማሽኑን ቅርጥፍጥፍ አድርጋ በላችው እኮ!"

"ጥናቷን ጨርሳለች። ምን ታሰላለች?"

"እኔ ምን አውቄ! ከኖቬምበር ጀምሮ ወረፋው ላይ የእሷ ስም ብቻ ነው። ሌላው ሰው ወረፋ ሲጠብቅ ጢም አበቀለ። ከፈለጉ ዝርዝሩን ላሳይዎ።"

ዝርዝሩን አልፈለግኩም። ሰሞኑን ከሞስኮ ሲደወልላት አይቻለሁ፤ የጎን ሥራ ይዛ ይሆናል። ትያዝ። ብትነግረኝ ግን ምን ነበረበት? ትንሽ ከፋኝ።

ፌብሩዋሪ 11

150/95።

ለሁለተኛ ዓመቶች የማስተምረው ይህን ነው፦ ብረት የሚሰበረው ደካማ ስለሆነ አይደለም፣ ጉድለት ስላለው ነው። አቶሞች በረድፍ ተሰልፈው ሳለ አንዱ ረድፍ መሃል ላይ ይቋረጣል። ያ የተዛነፈ መስመር ሲገፉት ይንሸራተታል፤ ብዙዎቹ ሲንሸራተቱ ብረቱ ይደክማል። እኛ ከታች ጥቂት አቶሞችን ሳጥን ውስጥ ከተን፣ መዛነፉን ለማንቀሳቀስ የሚፈጀውን ጉልበት እናሰላለን። ያ ቁጥር ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ይወጣል፤ መጀመሪያ ለብረቱ ቅንጣት፣ ከዚያ ለሙሉው ዕቃ። ከላይ ያለው ሞዴል ከታች የመጣለትን ቁጥር ከየት መጣህ ብሎ አይጠይቅም። ሳጥኑ ደግሞ እውነተኛ ግድግዳ የለውም፤ በቀኝ የወጣ በግራ ይገባል። ጠባብ ከሆነ መዛነፉ ፊትና ኋላ መስታወት ባለው ፀጉር ቤት እንደተቀመጠ ሰው በራሱ ምስል ይከበባል፣ ምስሎቹም ይዘው ያቆሙታል።

ይህን ላሳያቸው ብዬ የቤተ ሙከራችንን አሮጌ ፋይል ከፈትኩ። ሁልጊዜ የሚሰጠው የጉልበት ቁጥር 1.9 ነው። ለጨዋታ ያህል ሳጥኑን በእጥፍ አስፍቼ አስኬድኩት። 1.5።

አንድ ልጅ ከኋላ "የትኛው ነው ትክክል?" አለኝ። "ማሽኑ ነው፣ ነገ እናየዋለን" ብዬ አለፍኩት።

ፌብሩዋሪ 14

160/95።

ማሽኑ አይደለም። እንደገና እጥፍ፣ 1.3። እንደገና፣ 1.2። ከዚያ በኋላ አይንቀሳቀስም።

በአልሱ ጥናት ውስጥ ያለው 1.9 ነው። ሦስተኛው ምዕራፍ በእሱ ላይ ቆሟል፣ አራተኛው በሦስተኛው ላይ። በሴፕቴምበር የማስገባው፣ ከእሷ ማዕረግ በላይ ያለው የእኔ ትልቁ ዶክትሬትም እዚያው ላይ ነው፤ እሱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ፋይሉ የ2009 ነው። ያኔ ሦስት ነበርን፤ ሟቹ ሴምዮን ኢቭግራፎቪች፣ አሁን ካናዳ ያለ አንድ ልጅና እኔ። ማን እንደጻፈው አሁን በምን ይታወቃል? ሴምዮን ኢቭግራፎቪች፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መቸኮል ይወድ ነበር።

ፌብሩዋሪ 15

ሴምዮን ኢቭግራፎቪች መቸኮል አይወድም ነበር። ለምን እንደዚያ ብዬ ጻፍኩ?

ፌብሩዋሪ 20

155/95።

ትሩትኔቭ ደወለ። ከሁለቱ ተቃዋሚዎች አንዱ እሱ ነው፤ የፋብሪካ መሐንዲስ። የአውሮፕላን ሞተር ዲስኮች ተፈትተው የሚመረመሩበትን ጊዜ የሚወስነው የእሱ ፊርማ ነው። ሲናገር ይጮሃል፤ ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ ነው የማዳምጠው።

"ሪማ ፕላቶኖቭና! አንብቤ ጨረስኩት! ተቃዋሚ ተብዬ ተሾምኩ እንጂ የምቃወመው አጣሁ። ሁለት የፊደል ግድፈት ይዤ መጥቼ ልጩህ እንዴ?"

"ግሌብ ሳቭቪች፣ ረጋ ብለው ይዩት።"

"አየሁት እኮ! ሰዎቼም አዩት። በልጅቷ ቁጥር ከሄድን ዲስኩን በየአምስት መቶ ሰዓቱ መፍታት ይቀርና ስምንት መቶ እናደርሰዋለን። ከጁን ጀምሮ እናስገባዋለን።"

"ቸኮላችሁ።"

"አምስት ዓመት ጠብቀን ቸኮላችሁ?" ብሎ ሳቀብኝ።

ቁጥሩ ከእውነቱ ከፍ ስላለ ብረቱ ከሆነው በላይ ጠንካራ ይመስላል። ስምንት መቶ ሰዓት ሳይመረመር የቆየ ዲስክ አየር ላይ ቢሰነጠቅ... አልጽፈውም። ጁን ገና ነው።

ፌብሩዋሪ 23

"ሪሞችካ፣ ማን ሞተ?" አለኝ ኬሻ እራት ላይ። ባሌ ነው፤ በካማ ወንዝ ላይ ሠላሳ አራት ዓመት መርከብ መርቶ ጡረታ ወጥቷል፣ ክረምቱን በረዶው ላይ ዓሣ ሲያጠምድ ይውላል።

"ማንም አልሞተም።"

"ታዲያ ሾርባው ለምን ሁለቴ ጨው ገባበት?"

ሳህኑን ሙልጭ አድርጎ በላ። ከዚያ አንድ እንስራ ውሃ ጠጣ ማለት ይቻላል።

ማርች 1

150/95።

አልሱን ለዲፌንሱ ላዘጋጃት ብዬ ጠራኋት። በመሃል እንደ ዘበት "ስለ ሳጥኑ ልክ ቢጠይቁሽስ?" አልኳት።

ፊቷ ቀላ። ጣቶቿን እያየች "እርስዎ እንዳሉኝ እመልሳለሁ" አለች።

"እኔ ምን አልኩሽ?"

"የሚሠራውን አትንኪ ብለውኛል። የመጀመሪያ ዓመቴ ላይ።"

ብዬም ይሆናል። ያኔ ሥራ በዝቶብኝ ነበር፣ ደግሞም ለጀማሪ ደህና ምክር ነው። ቢሆንስ? አምስት ዓመት ሙሉ ራሷ መመርመር አልነበረባትም? ትልቅ ሰው ናት። የራሷን ቁጥር ያላጣራ ተመራማሪ ማንን ይወቅሳል?

ይህን ከጻፍኩ በኋላ አንብቤው ልሰርዘው ብዬ ነበር። ደብተሩ የግሌ ነው፣ ይቆይ።

ማርች 8፣ የሴቶች ቀን

የአልሱ እናት ሚንሲሉ በበዓሉ ልጇን ልታይ መጥታ እኔ ቤት ድረስ ዘለቀች። በአንድ እጇ ማር፣ በሌላው ሩዝ፣ ዘቢብና ደረቅ አይብ የተደራረበበት ትልቅ ኬክ፤ ጉባዲያ ይሉታል። አፓ ትለኛለች፣ በእነሱ ወግ ታላቅ እህቴ ማለት ነው።

"ሪማ አፓ! እንዳትነሺ! ተቀመጪ ብያለሁ!"

"ሚንሲሉ፣ ይሄን ሁሉ ተሸክመሽ?"

"ምን አለበት? ለዲፌንሱ ደግሞ እጥፉን ነው የማመጣው፤ ፕሮፌሰሮችሽ ቀበቷቸውን ፈተው እስኪበሉ። ስሚ አፓ፣ አባቷ ሲሞት አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። አስተማሪዎቿ 'ይቺ ልጅ ቁጥር ትወዳለች' ሲሉኝ፣ ላም ትቁጠርበት ብዬ እስቅ ነበር። አንቺ ሰው አደረግሻት።"

"ራሷ ናት ሰው የሆነችው።"

"ዝም በይ! ካጠፋች ቆንጥጪያት። አንቺ ያልሽው ለእኔ ሕግ ነው።"

አልሱ ከጎኗ ተቀምጣ ሻይዋን ታማስላለች፤ አንድ ጊዜም ቀና ብላ አላየችኝም። ኬሻ ሦስት ቁራጭ በላ። እኔ አንዱን መጨረስ አቃተኝ። ጨጓራዬ ነው።

ማታ 170/100።

ማርች 13

ነገሩን በስክነት እንየው።

ጥናቱ ከጉባኤው ከተነሳ አልሱ ዘንድሮ አትመረቅም። ጉባኤው እስከ መኸር ሌላ ቀን የለውም፤ ጭራሽ ሊበተን ነው የሚሉም አሉ። በእኛ ክፍል የተያዘላት የሥራ ቦታ በዲፌንሱ ላይ የታሰረ ነው። እናቷም መንደሩን ሁሉ ጠርታለች።

ካልተነሳ ግን? በመኸር ሁለታችን ሆነን "የተሻሻለ ስሌት" ብለን ረጋ ባለ መንገድ አንድ ጽሑፍ እናወጣለን። ማንም አይጎዳም። በሳይንስ ቁጥር ይሻሻላል፣ ነውር አይደለም።

ዝም የምለው ለእሷ ስል ነው።

ማርች 19

165/95።

ሮዲዮን ዛሬም "ዝርዝሩን አያዩትም ወይ?" አለኝ። "ሮዲዮን፣ የሰው ወረፋ መቁጠር ትተህ ማቀዝቀዣህን ጠግን" ብዬ አባረርኩት። ሁለት ወጣት መምህራን በራፉ ላይ ቆመው ነበር። አንዷ ቀስ ብላ "ሪማ ፕላቶኖቭና ሰሞኑን ምን ነክቷቸዋል?" ስትል ሰማሁ። ሌላዋ "ትልቁ ዶክትሬት ነዋ፣ ፈርተው ነው" አለቻት።

ለእሷ ስል ነው ብዬ ጽፌ የለ?

ማርች 27

ፋብሪካው ሄድኩ። አልሱን ሳልነካ ትሩትኔቭን በዘዴ ላስቆመው ነበር ሐሳቤ።

ቢሮው ውስጥ ዲስኩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ እንደ ትሪ ሰፊ፣ ጠርዙ በጥርስ የተከበበ። ሻይ አቀረበልኝ።

"ግሌብ ሳቭቪች፣ ለጥንቃቄ ያህል በአምስት መቶው ብትቆዩስ? አንድ ሁለት ዓመት።"

"ጥንቃቄ ሲበዛ ሞተር ሁሉ መጋዘን ተኝቶ ይከርማል። ምክንያት አለዎት?"

ሲጠይቀኝ አልጮኸም። ቀስ ብሎ ነው የጠየቀኝ፣ ዓይኔን እያየ።

"የለኝም" አልኩት። "እንዲሁ ዕድሜ ነው፤ ሰው ሲያረጅ ይፈራል።"

ሳቀ፤ እኔም አብሬው ሳቅሁ። ሻዬን ጨርሼ ወጣሁ። ትራሙ ውስጥ ቲኬት ቆራጯ "ሴትዮ፣ ደህና ነዎት?" ብላ ቦታ አስለቀቀችልኝ።

ፈሪ ነኝ። ይኸው ጻፍኩት።

ማርች 30፣ እሑድ

ኬሻ ተበሳጭቶ ዋለ። በረዶው ከላላ ወዲህ ወደ ወንዙ መውረድ ትቷል። ዛሬ ግን ጎረቤታችን፣ ሹፌሩ፣ ሊያጠምድ ሲሻገር እስከ ወገቡ ገባ። ደግነቱ ሰዎች ደርሰው አወጡት።

"የእኔን ዱካ ተከትሎ ነው" ይላል ኬሻ፣ ክፍሉ ውስጥ እየተንጎራደደ። "የበረዶ ጋሪዬ መስመር እስካሁን ይታያል። ኬሻ ያለፈበት ከሆነ ይሸከመኛል ብሎ ነው።"

"አንተ ምን አጠፋህ? ያለፍክበት በጃንዋሪ ነው፣ ያኔ ብረት ነበር።"

"ዱካ ላይ ቀን አይጻፍም እኮ፣ ሪሞችካ!"

ከዚያ መጥረቢያ አንስቶ የጥድ ቅርንጫፎች ቆርጦ ሄደ፤ እዚህ መንገዱ ክፉ ነው ለማለት ዱካው ላይ ቅርንጫፍ ተጋድሞ ይተከላል። ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ በላላ በረዶ ላይ በሆዱ እየተሳበ ተክሎ መጣ። ደረቱ ርሶ ሲገባ ጮህኩበት። ባል ካገባሁ ጀምሮ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ለምን እንደሆነም አላውቅም።

ኤፕሪል 2

178/105። ሐኪሟ ሆስፒታል ይግቡ አለችኝ። አይሆንም።

የማዳምጠው ነገር ሁሉ ስለ እኔ የሚወራ ይመስለኛል።

ኤፕሪል 9

ነገርኳት።

ከትምህርት ሰዓት በኋላ ቢሮዬ ጠራኋትና በሩን ዘጋሁ። አስቀድሜ ቃላት አዘጋጅቼ ነበር፤ "በቅርቡ ባደረግኩት ማጣራት" ምናምን የሚል። አንዱም አልወጣም። "አልሱ፣ ሳጥኑ ጠባብ ነው። 1.9 ስህተት ነው" አልኳት።

አልደነገጠችም። ደብተር የሚመስል ወፍራም ማህደር ከቦርሳዋ አውጥታ ፊቴ አስቀመጠች። ከፈትኩት። ሳጥን በሳጥን ተሰልቷል፤ ከትንሹ እስከ ትልቁ፣ አሥራ አንድ ልክ፣ እያንዳንዱ ሦስት ሦስት ጊዜ። መስመሩ እየወረደ መጥቶ 1.2 ላይ ይተኛል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ቀን ኖቬምበር 19 ነው። ሮዲዮን ሲጮህበት የከረመው የጎን ሥራ ይህ ነበር።

"ከኖቬምበር ጀምሮ ታውቂያለሽ?"

"አዎ።"

"እና ዝም ብለሽ ቴምብር ትልሻለሽ?"

"እርስዎ የሚያውቁ አልመሰለኝም ነበር። እንዴት ብዬ ልንገርዎ? በዚህ ዓመት ትልቁን ዶክትሬት ያስገባሉ፣ እሱ ላይ ነው ያለው። መጀመሪያ ትልቁን ስሌት ልጨርስና በማስረጃ ልንገርዎ አልኩ። ከዚያ ማጠቃለያው ሊላክ ሆነ። ማርች አንድ ቀን ስለ ሳጥኑ ሲጠይቁኝ፣ እንዳወቁ ገባኝ። አሁን ይነግሩኛል ብዬ ጠበቅሁ። ሁልጊዜ ጠዋት ዛሬ ይነግሩኛል እያልኩ ነው የምመጣው።"

"ባልነግርሽስ?"

እንዲህ አለች፦ "ፋይሉን ስከፍተው ከላይ የእርስዎ ስም አለ። ስምዎን አይቼ ነው ያመንኩት፤ ስምዎን አይቼ ነው ዝም ያልኩትም።"

አዎ፣ ከላይ ስሜ አለ። ከላይ ስሜ እንዳለ ፌብሩዋሪ 11 ቀን፣ ክፍል ውስጥ፣ ገና ስከፍተው አይቻለሁ። ኦገስት 2009 ነበር፣ ለአንድ የሳይንስ ስብሰባ ልንሄድ ሁለት ቀን ሲቀረን። ሳጥኑን ማስፋት ጀምሬ ነበር። በሁለተኛው ልክ 1.9 ወጣ፤ በጊዜው የታወቀ፣ በኋላ ግን የተሻረ አንድ ሙከራም 1.9 ነበር ያለው። ቁጥሩ ከሙከራው ጋር ገጠመ፣ እሰይ ብዬ እዚያው አቆምኩ። የእኛ ሙያ ኃጢአት ይህች ናት፤ ቁጥሩ ስላለቀ ሳይሆን ስለተስማማን ማቆም። ሴምዮን ኢቭግራፎቪች "ሪማ፣ አንድ ልክ ጨምሪበት" ብሎኝ ነበር። እሺ አልኩት፣ አልጨመርኩም። አልሱ የመጀመሪያ ዓመቷ ላይ ስትጠይቀኝ ደግሞ አፏን አስያዝኳት። ይኸው አይጥ በበላ ዳዋ ሊመታ ነው።

አለቀስን ማለት አልችልም። እሷ አለቀሰች፣ እኔ መሀረብ ስፈልግ ቆየሁ።

ኤፕሪል 10

ጽሑፉን መቀየር አይቻልም፤ ግን በዲፌንሱ ላይ አዲሱን ስሌት ጨምራ ማሳየት ትችላለች። ጉባኤው ይወስን። እስከዚህ ተስማማን። ስህተቱ የማን ነው የሚለው ላይ ተጣላን።

"እኔ ነኝ እላለሁ" አለች። "እኔ ወጣት ነኝ፣ ይረሳልኛል። ስላላጣራሁም እውነት ነው።"

"አርፈሽ ተቀመጪ። ስለ እኔ እኔ እናገራለሁ።"

ለትሩትኔቭ ደወልኩ። "በእኛ በኩል ስህተት ተገኝቷል፤ በአምስት መቶው ቆዩ" አልኩት። "ማርች ላይ እዚህ ተቀምጠው ሻይ ጠጥተው ሄዱ እኮ" አለኝ። ከዚያ ስልኩን ዘጋው።

በእኛ በኩል። እንዲህ ነው ያልኩት።

ኤፕሪል 17

ለካሁ፣ አልጽፈውም።

አዳራሹ ሙሉ ነበር። ሚንሲሉ ኮሪደሩ ጫፍ ባለው ክፍል ጠረጴዛ ስታስተካክል፣ ጉባዲያውን ስትቆርጥ፣ ብርጭቆ ስትወለውል ነበር፤ "የእናንተን የምሁር ቋንቋ አልሰማም፣ እኔ ምግቤን ልጠብቅ" ብላ አልገባችም።

አልሱ በደንብ ተናገረች። አዲሱንም ስሌት አሳየች፤ ጉባኤው ውስጥ ጉምጉምታ ተነሳ። ትሩትኔቭ ተነሳ።

"ለመዝገብ እንዲሆን እጠይቃለሁ። በጥናቱ ላይ የታተመውን ቁጥር ይዤ ዲስኬን ስምንት መቶ ሰዓት ልተወው?"

"አይተዉት" አለች አልሱ። "ቁጥሩ ስህተት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የሳጥኑን ልክ አላ..."

ተነሳሁ። መምህርት እስክትጠራ ተቀምጣ ትጠብቃለች፣ ሥርዓቱ ነው። ሰብሳቢው "ሪማ ፕላቶኖቭና፣ ተራዎ ገና ነው" አለኝ።

"ተራዬ ካለፈ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖታል" አልኩ። "ፋይሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሳላጣራ ያቆምኩት እኔ ነኝ። ይቺ ልጅ ልታጣራ ስትጠይቀኝ አትንኪ ያልኳት እኔ ነኝ። ስህተቱን ያገኘችውም ያረመችውም እሷ ናት። እኔ ፌብሩዋሪ ላይ አውቄ ሁለት ወር ዝም አልኩ። ግሌብ ሳቭቪች ምክንያት አለዎት ሲሉኝ የለኝም ብዬ ዋሽቻለሁ። የእኔን ዶክትሬት አላስገባም።"

ማንም አልጮኸም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ሰብሳቢው መነጽሩን አውልቆ፣ ዋናው ቁጥር የተሳሳተበትን ጥናት ለድምፅ ማቅረብ እንደማይችል፣ አመልካቿ ራሷ ከጉባኤው ብታነሳው ግን አስተካክላ በኖቬምበር መመለስ እንደምትችል ተናገረ። አልሱ ወረቀት ተቀብላ ማመልከቻውን ቆማ ጻፈች።

ትሩትኔቭ ሲወጣ አጠገቤ ቆመ። "በኖቬምበርም ተቃዋሚዋ እኔ ነኝ" አለ። ለእኔ ይሁን ለእሷ አላወቅሁም።

ኮሪደሩ ላይ ለሰው ሳስረዳና ወረቀት ስፈርም ቆይቼ ወደ ምግቡ ክፍል ብሄድ ጠረጴዛው ባዶ ነው። እናትና ልጅ ሄደዋል።

ኤፕሪል 21፣ ሰኞ

ሦስት ቀን ተኛሁ። ኬሻ ምንም አልጠየቀኝም፤ ሁሉን ነግሬው ነበር። "አሁን ሾርባሽ ይበላል" ብቻ አለኝ።

ዛሬ በሦስት ሰዓት ቢሮ ስገባ አልሱ በሩ ላይ ቆማለች። የምናገረውን አዘጋጅቼ ነበር፦ "አልሱ፣ ሌላ አማካሪ ፈልጊ። ደብዳቤውን እኔ እጽፍልሻለሁ።"

"ሌላ ከፈለግኩ ሌላ ስህተት ነው የማገኘው" አለች። "የእርስዎን ለምጄዋለሁ።" በአምስት ዓመት ውስጥ ስትቀልድ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ግን ፈገግታዋ ጠፋና ስልኳን ከኪሷ አወጣች።

"አንድ ነገር ላስቸግርዎ። እናቴን ያነጋግሩልኝ።"

"ምን ልበላት?"

"የሆነውን። እኔ ነገርኳት፣ አላመነችኝም። 'ሰንፈሽ ወድቀሽ በአስተማሪሽ ታሳብቢያለሽ?' አለችኝ። ከሐሙስ ጀምሮ ስልኬን አታነሳም። የእርስዎን ግን ታነሳለች።"

አሥራ ዘጠኝ ፕሮፌሰር ፊት የተናገርኩት ምንም አልነበረም። ቁጥሯን ከአልሱ ስልክ እያየሁ በራሴ ስልክ ስጫን ጣቴ ሁለት ጊዜ ሳተ።

በመጀመሪያው ጥሪ አነሳችው። "ሪማ አፓ! አንቺ ነሽ? ምን ብዬ ዓይንሽን ልይ! አምስት ዓመት ደክመሽባት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አዋረደችሽ። ይቅር በያት፣ አባት የሌላት ልጅ ናት..."

"ሚንሲሉ፣ ተቀመጪ።"

"ቆሜ እሰማሻለሁ፣ አፓ።"

"ተቀመጪ። ልጅሽ አልወደቀችም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ቁጥሩን ያበላሸሁት እኔ፣ የደበቅሁት እኔ። እሷ አግኝታው፣ ለእኔ ብላ ተሸክማው ከረመች። የነገረችሽ ሁሉ እውነት ነው። አንድም ነገር አልጨመረችም፤ እንዲያውም ቀንሳልኛለች።"

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ከጆሮዬ አውርጄ አየሁት። አልተቋረጠም። ስመልሰው ድምፏ ሌላ ሆኖ መጣ፣ የሌላ ሴት ድምፅ።

"አውቶቡስ ጣቢያው ሙሉ ሰው እየሰማ ነው የሰደብኳት" አለች። "አባትሽ እንኳን ሞተ፣ ይህን ሳያይ፣ አልኳት። እንደዚያ አልኳት እኮ።"

ይቅርታ አልኳት። የሰማችኝ አይመስለኝም።

"አለች እዚያ?"

"አጠገቤ ናት።"

"ስጪያት።"

ስልኩን ለአልሱ ሰጠኋት። ተቀብላኝ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፣ በቋንቋቸው "እማ" አለች፣ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ስታዳምጥ ቆየች። እኔ ከቢሮዬ ወጥቼ በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁላቸው።